88 ማለት ምን ማለት ነው? የቅርጫት ኳስ ጌሞችን በሬቲንግ አሠራራቸው ለመምረጥ

በባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ባለ አንድ ጌም ቤት ውስጥ ካሉት አምስት ቴሌቪዥኖች አራቱ ምንጊዜም በእግር ኳስ የተያዙ ናቸው። አምስተኛው፣ በሩ አጠገብ ያለውና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው፣ ቅርጫት ኳስ ለምንጫወት ጥቂት ሰዎች ይተዋል። ደንቡ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል። ባለፈው ዓመት ከአንድ የፖሊ (የዩኒቨርሲቲው የምሕንድስና ግቢ) ተማሪ ጋር በዚህ ቴሌቪዥን ስንገጥም እኔ ከዝርዝሩ ትልቁን ቁጥር የያዘውን ቡድን ሳላመነታ መረጥሁ። እሱ ቡድኖቹን አንድ በአንድ እየከፈተ፣ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ወደ ታች እያወረደ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች «ኧረ ቶሎ በል!» እስኪሉት ድረስ ቆየና ከእኔው በ4 ያነሰ ቁጥር ያለው ቡድን ወሰደ። ሦስት ጨዋታ አከታትሎ አሸነፈኝ፤ ሦስቱንም ከፈልሁ። ሲያልቅ ምን እንደሚፈልግ ብጠይቀው፣ በእያንዳንዱ ተጫዋች መስመር ላይ የሚያየው ሁለት ቁጥር ብቻ መሆኑን ነገረኝ፤ ኳስ ይዞ የመሮጥ ፍጥነትና ደንክ (ዘሎ ኳሱን በእጅ ቀለበቱ ውስጥ መክተት)። ለምን እነዚህን ሁለቱን እንደመረጠ የገባኝ ዘግይቶ ስለሆነ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የቅርጫት ኳስ ጌም መጀመር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ምስሉ ያምራል ወይ፣ ስንት ጊጋ ይፈጃል የሚለውን ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሆኖም እነዚህ ጌሞች ከምንም በላይ የሚለያዩት ለተጫዋቾች እንደ 88 ያለ ቁጥር፣ ማለትም ሬቲንግ፣ በሚሰጡበት መንገድ ነው። በአንዱ ጌም ቁጥሩ የእውነተኛ ሰው ችሎታ ግምት ነው፤ በሌላው የሚሸጥ ካርድ መለያ ነው፤ በሦስተኛው ደግሞ ሆን ተብሎ ስሕተት የተጨመረበት የመልማይ ግምት ነው። በሚከተለው ንጽጽር «ተጫዋች» ስል ስክሪኑ ላይ የሚሮጠውን፣ «ጌመር» ስል ጆይስቲኩን የያዘውን ሰው ማለቴ ነው።

አንዱ ቁጥር ከምን ይሠራል

ንጽጽሩን ኤንቢኤ በተባለው የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ላይ ከተሠራው ኤንቢኤ 2ኬ (ባጭሩ 2ኬ) መጀመር ይቀላል፤ ሌሎቹም በብዛት የሚለኩት በእሱ ነው። ጌሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ለሴጋ ድሪምካስት ሲሆን፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚሠራው ቪዥዋል ኮንሴፕትስ የተባለው ድርጅት ነው። በጌሙ ውስጥ እያንዳንዱ ተጫዋች ከቅርብ ማግባት፣ ሌይአፕ (እየሮጡ ቀለበቱ ሥር ማግባት)፣ ደንክ፣ የመካከለኛ ርቀት ውርወራ፣ ሦስት ነጥብ፣ የቅጣት ውርወራ፣ ኳስ አያያዝ፣ የቅብብል ትክክለኛነት፣ የውስጥና የውጭ መከላከል፣ ኳስ መንጠቅ፣ ብሎክ (የተወረወረ ኳስ ማገድ)፣ ሪባውንድ (የሳተ ኳስ መያዝ)፣ ፍጥነት፣ ጉልበትና ዝላይ ጀምሮ ብዙ ዝርዝር ቁጥሮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ከ25 እስከ 99 ይደርሳሉ። ጌመሮች «ኦቨርኦል» የምንለው አጠቃላይ ሬቲንግ ከእነዚህ ተደምሮ የሚወጣ ነው፤ ይሁን እንጂ ተራ አማካይ አይደለም። ለእያንዳንዱ የሜዳ ቦታ ዝርዝሮቹ የተለያየ ክብደት ይሰጣቸዋል።

ይህ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ በወረቀት ላይ አስልቶ ማየት ይቻላል። ክብደቶቹን ለምሳሌ ያህል እኔው አስቀምጫቸዋለሁ፤ የጌሙ ትክክለኛ ቀመር አይደሉም። አንድ ተጫዋች ሦስት ነጥቡ 90፣ ኳስ አያያዙ 80፣ ሪባውንዱ 40፣ ብሎኩ 35 ነው እንበል። ለፖይንት ጋርድ (ኳስ ይዞ ጨዋታውን ለሚመራው) ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 40 40 በመቶ፣ ለኋለኞቹ ሁለቱ 10 10 በመቶ ብንሰጥ ድምሩ 75.5 ይሆናል። ያንኑ ሰው ሴንተር (ቀለበቱ ሥር የሚቆም ረጅም ተጫዋች) ብለን ክብደቱን ብንገለብጠው 47 ይወጣል። ሰውዬው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቆመበት ቦታ ነው። ስለዚህ የአንድ ጋርድ 85 እና የአንድ ሴንተር 85 በስክሪኑ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ቢጻፉም የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ከሐይቁ ዳር አንድ ኪሎ ቀረሶና አንድ ኪሎ አምባዛ ሚዛኑ ላይ እኩል ናቸው፤ ሙሉውን ዓሣ ለመጥበስ ያሰበ ሰው ግን እኩል አይቆጥራቸውም።

ሴንተሩ ሩዲ ጎቤር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ2019፣ በ2021 እና በ2024 የኤንቢኤ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተመርጧል፤ ጌሙም በመከላከልና በሪባውንድ ረገድ ተገቢውን ከፍተኛ ቁጥር ይሰጠዋል። ሦስት ነጥብ መወርወር ብቻ የሚያውቅ ጌመር ይህን ሰው በአጠቃላይ ሬቲንጉ ተስቦ ቢመርጠው፣ ጨዋታውን ሙሉ ምን እንደሚያደርግበት ግራ ይገባዋል። በተቃራኒው ሌላው ሴንተር ሻኪል ኦኒል በተጫዋችነት ዘመኑ ከቅጣት ውርወራዎቹ ያስገባው 52.7 በመቶውን ብቻ ነው፤ ይህ ድክመት በጌሙም ይታያል፣ ነገር ግን ለሴንተር ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ አጠቃላይ ቁጥሩን ብዙም አይጎትተውም።

ዝርዝር ቁጥሮቹ ራሳቸው በአንድ ዓይነት መለኪያ የተሠሩ አይደሉም። ይህን የተማርነው በራሳችን ላይ ነው። 2ኬ የተጫዋቾችን ዝርዝር ማስተካከልና አዲስ ሰው መፍጠር ስለሚፈቅድ፣ እኔና ሦስት ጓደኞቼ ፔዳ ግቢ ባለው ሜዳ የምንጫወትበትን ቡድናችንን ጌሙ ውስጥ ለመሥራት ተነሣን። ለአንደኛው ሦስት ነጥብ ስንት እንስጠው በሚለው ስላልተስማማን ወደ ሜዳ ወጥተን 50 አስወረወርነው፤ 17 አስገባ። 34 በመቶ መሆኑ ነው። እሱ የኤንቢኤ አማካይ 36 በመቶ ገደማ መሆኑን ያውቅ ስለነበር «ታዲያ ከአማካዩ በሁለት ብቻ ነው የማንሰው» ብሎ 78 እንድንጽፍለት ሞገተ፤ ጻፍንለትም። በጌሙ ውስጥ ያ ልጅ ሰው አልቻለውም፤ እጅ ፊቱ ላይ ተዘርግቶበት፣ ወደ ጎን እየሮጠ፣ ሁሉን ያገባ ጀመር። የረሳነው የኤንቢኤው 36 በመቶ ተከላካይ እያለ፣ በድካም ውስጥ፣ በዓለም ላይ ካሉ ረጃጅም ሰዎች እጅ በላይ የተወረወረ መሆኑን ነው። የእኛው ልጅ ግን ብቻውን ቆሞ፣ ኳስ እያቀበልነው ነበር የወረወረው። 55 ላይ ስናወርደው እኛ የምናውቀውን ሰው መሰለ፤ እስካሁን ግን ቅር እንዳለው ነው። የቅጣት ውርወራ በአንጻሩ በእውነተኛው ሜዳም ያለ ተከላካይ ስለሚወረወር፣ ሬቲንጉ ከእውነተኛው መቶኛ ጋር ይቀራረባል።

ከቁጥሩ ጀርባ ያሉ ቁጥሮች

ሬቲንግ አንድ ተጫዋች አንድን ነገር ምን ያህል አሳምሮ እንደሚሠራ ይናገራል እንጂ ምን ያህል ደጋግሞ እንደሚሞክረው አይናገርም። ለዚህ 2ኬ ዝንባሌ የሚባል ሌላ የቁጥር ረድፍ አለው፤ ከሦስት ነጥብ መስመር የመወርወር ዝንባሌ፣ ወደ ቀለበቱ ሰብሮ የመግባት ዝንባሌ እና የመሳሰሉት። ጌመሩ ራሱ ኳስ ይዞ ሲጫወት የተጫዋቹን ዝንባሌ የሚተካው የጌመሩ አውራ ጣት ነው። ከኮምፒዩተር ጋር ሲገጥም ወይም የውድድር ዘመኑን ሳይጫወት በስሌት ብቻ ሲያሳልፍ ግን ዝንባሌው ከሬቲንጉ ባልተናነሰ ይወስናል፤ ሦስት ነጥቡ 85 ሆኖ የመወርወር ዝንባሌው ዝቅ ያለ ሰው በኮምፒዩተር እጅ ሲገባ ነጻ ሆኖ ቆሞም ኳሱን መልሶ ያቀብላል።

በዚህ ላይ ባጅ አለ። ባጅ ለአንድ የተለየ ሁኔታ የሚሰጥ ተጨማሪ ብቃት ሲሆን ከነሐስ፣ ከብርና ከወርቅ አልፎ ሆል ኦፍ ፌም ደረጃ ድረስ፣ በቅርብ እትሞች ደግሞ ከዚያም በላይ ይወጣል። ደንካቸው 85 የሆነ ሁለት ተጫዋቾች፣ አንዱ በተከላካይ ላይ ዘሎ ደንክ የማድረግ ባጅ ቢኖረውና ሌላው ባይኖረው፣ ቀለበቱ ሥር ሰው ሲያጋጥማቸው ፍጹም የተለያዩ ናቸው። አጠቃላዩ ቁጥር ይህን አያሳይም።

ቁጥሩ ሁሉን ይናገራል ብሎ ለሚያምን ሰው ደግሞ የኤንቢኤ ጃምን ታሪክ መንገር ይበቃል። ሚድዌይ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ይህ የሁለት ለሁለት ጨዋታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚያሳየው አራት ነገር ብቻ ነበር፤ ፍጥነት፣ ሦስት ነጥብ፣ ደንክና መከላከል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ አሠራር የለም ያስብላል። ይሁንና የጌሙ ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ተርሜል የዲትሮይት ፒስተንስ ደጋፊ ስለነበር፣ ቺካጎ ቡልስ ከፒስተንስ ጋር ሲገጥምና ጨዋታው ተቀራራቢ ሲሆን በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የቡልስ ውርወራዎች እንዲስቱ የሚያደርግ ትእዛዝ በድብቅ አስገብቶ እንደነበር ከዓመታት በኋላ ራሱ ተናግሯል።

በ2ኬ ቁጥሮቹን የሚወስኑት የጌሙ ሠራተኞች ናቸው፤ ስታቲስቲክስ ይጠቀማሉ፣ ጨዋታ ያያሉ፣ በውድድሩ ዘመን መካከልም ደጋግመው ያሻሽላሉ። ስለዚህ ክርክር አይጠፋበትም። የኤንቢኤው ኮከብ ኬቨን ዱራንት እ.ኤ.አ. በ2021 ሬቲንጉ 96 ሲሆን ለምን 99 እንዳልሆነ በአደባባይ ማብራሪያ ጠይቆ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል፤ ማሻሻያው የሚመጣው በኢንተርኔት ነው። ከመረብ ያልተገናኘ ጌም ቤት ውስጥ ያለው ዲስክ የውድድሩ ዘመን ከመጀመሩ በፊት የተጻፈውን ቁጥር ይዞ ይኖራል። የ2ኬ19 ዲስክ ለምሳሌ ሉካ ዶንቺችን የሚያውቀው ገና በኤንቢኤ አንድ ጨዋታ ሳያደርግ ነው፤ ምርጥ ጀማሪ ተብሎ የተመረጠው ዲስኩ ከታተመ በኋላ በመጣው ዓመት ነበር። በአሮጌ ዲስክ የሚጫወት ሰው የወጣቶቹን ቁጥር ከእውነቱ ዝቅ ያለ፣ ያረጁትን ደግሞ ገና ጉልበታቸው ያልከዳቸው አድርጎ ሊያነበው ይገባል።

አማራጮቹ ጎን ለጎን

2ኬ እንግዲህ ዝርዝሩን መክፈት ለሚወድ ሰው ተወዳዳሪ የለውም። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። የቅርብ ዓመታቱ እትሞች ከ100 ጊጋ ባይት በላይ ይይዛሉ፤ የራስን ተጫዋች ፈጥሮ የማሳደጊያው ክፍልም በአብዛኛው ኢንተርኔት ይፈልጋል። በዚህ ክፍል ሬቲንግ የሚያድገው በቪሲ ነው፤ ከ2ኬ13 ጀምሮ የመጣው ይህ የጌም ገንዘብ በመጫወት ይገኛል፣ በእውነተኛ ገንዘብም ይገዛል። በመጫወት ብቻ የሚያጠራቅመው ሰው ከ60ዎቹ ለመውጣት ብዙ ምሽት ይፈጅበታል፤ የከፈለው ሰው በዚያው ቀን 85 ይዞ ይመጣበታል። ለዚህ ክፍል ብሎ 2ኬን መግዛት እኔ አልመክርም። በተቃራኒው 2ኬ14 በኮምፒዩተር የወጣው የፕሌይስቴሽን 3 ትውልድ እትም ስለሆነ አሮጌ ላፕቶፕም ይሸከመዋል፤ ተጫዋቾቹ ቢያረጁም ሬቲንጉን፣ ዝንባሌውን ሁሉንም ከፍቶ ማስተካከል ይቻላል፤ የፔዳውን ቡድናችንን የሠራነውም በእሱ ነው።

ኢኤ የተባለው ድርጅት የሚሠራው ኤንቢኤ ላይቭ በኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ባሉ መጫወቻዎች) ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ላይቭ 19 ቆሟል። በርካሽ ካገኙት ለመንገድ ላይ ጨዋታው ይሆናል፤ ለሬቲንግ ብሎ የሚገዛ ሰው ግን አይጠቀምም፤ ቁጥሮቹ የዚያ ዘመን ሆነው ቀርተዋል።

የስልኮቹ፣ ማለትም ኤንቢኤ ላይቭ ሞባይልና ኤንቢኤ 2ኬ ሞባይል፣ ከሌሎቹ የሚለዩት በመሠረቱ ነው። በእነዚህ አንድ ተጫዋች አንድ ሰው ሳይሆን ብዙ ካርድ ነው፤ ያው ስቴፈን ከሪ በአንዱ ካርድ ዝቅ ብሎ፣ በሌላው ከፍ ብሎ ይመጣል። አዲሱ ካርድ እንዲፈለግ ከአሮጌው መብለጥ ስላለበት ቁጥሩ በየወቅቱ ያብጣል፤ በላይቭ ሞባይል 100ን አልፎ ይሄዳል። እዚህ ላይ ሬቲንጉ የችሎታ መለኪያ መሆኑ ያበቃል፤ ዛሬ ብርቅ የሆነው ካርድ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ተጠባባቂዎች ወንበር ይወርዳል። ማይቲም የተባለው የ2ኬ የካርድ ክፍልም ያው ጠባይ አለው፤ ዘመኑ ሲያልቅ የሁሉም ቡድን በ99ኞች ይሞላል። የስልኮቹ ጥቅም አጭር መሆናቸው ነው፤ ሐይቁ ዳር ዘንባባው ሥር ተቀምጦ ጓደኛ እስኪመጣ አንድ ጨዋታ ይጠናቀቃል። ጉዳታቸው ያለ ኢንተርኔት አለመንቀሳቀሳቸው ነው፤ ፓኬጁ ሲያልቅ 115 ቁጥር ያለው ቡድንም ስልኩ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል።

አራተኛው አማራጭ ቢያንስ እዚህ ከተማ ከጓደኞቼ ውጭ ሲጫወተው ያየሁት የለም፤ ለእኔ ግን ሬቲንግ ምን እንደሆነ ያስተማረኝ እሱ ነው። ባስኬትቦል ጂኤም ይባላል፤ በነጻ፣ በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ፣ ጆይስቲክ የሌለው የአሠልጣኝነትና የሥራ አስኪያጅነት ጌም ነው። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ያለ ኢንተርኔትም ይሄዳል፤ መብራት ቢጠፋም የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ጨዋታው አይቋረጥም። ተጫዋቾቹ በተለምዶ የፈጠራ ሰዎች ስለሆኑ ጌመሩ በስም ሊታለል አይችልም፤ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሰው 15 ዝርዝር ሬቲንግ አለው፤ ከቁመት፣ ከጉልበትና ከፍጥነት ጀምሮ እስከ የማጥቃትና የመከላከል ማስተዋል ድረስ። ቀመሩ ለማንም ክፍት በሆነው የጌሙ ኮድ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ቁመትም ከፍተኛ ክብደት ካላቸው አንዱ ነው።

ከ2ኬ የመጣ ሰው እዚህ መጀመሪያ ላይ ይደነግጣል። በ2ኬ 70 ማለት ከወንበር የሚነሣ ተጠባባቂ ነው፤ በባስኬትቦል ጂኤም 70 ማለት ሊጉን የሚመራ ኮከብ ነው፤ 50ዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ሳያፍር ቋሚ ተሰላፊ ይሆናል። ቁጥሮቹ እንደ 2ኬ በጠባብ ክልል ውስጥ ስላልታጨቁ በሁለት ተጫዋቾች መካከል ያለው የ5 ቁጥር ልዩነት በዓይን የሚታይ ነው። ከዚህም ሌላ ጌሙ የቡድኑን ቁጥር ሲያወጣ ለአንደኛው ተጫዋች ትልቁን ክብደት ሰጥቶ እስከ አሥረኛው ድረስ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ 75 እና አንድ 45 ከሁለት 60ዎች ይሻላሉ። ከወደፊት የመድረስ አቅም ቁጥር ጋር ሲታይ ደግሞ ወጣት መልምሎ መጠበቅ ወይም አሁኑኑ ማሸነፍ የሚለው ጥያቄ የእውነት ጥያቄ ይሆናል።

ከሁሉም የምወድለት ግን የሚያሳየው ቁጥር እውነተኛው ቁጥር አለመሆኑ ነው። በተለይ ገና ወደ ሊጉ ያልገቡ ወጣቶች ላይ ጌሙ ሆን ብሎ ትንሽ ስሕተት ይጨምራል፤ ለመልማዮች የሚመደበው በጀት ከፍ ሲል ስሕተቱ ይጠባል። 48 ተብሎ የተመረጠ ልጅ 44 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በ2ኬ ያየሁት ቁጥር ሁሉ እርግጠኛ መስሎኝ ይኖር ነበር፤ እነዚያንም የጻፉት እንደ እኛው የሚከራከሩ ሰዎች መሆናቸውን ያሳሰበኝ ይህ ጌም ነው። ማስጠንቀቂያ ቢኖረኝ አንድ ብቻ ነው፤ ሊጉ የሚቀመጠው ብራውዘሩ ውስጥ ነው። ላፕቶፔን ሳጸዳ የብራውዘሩን መረጃ ሁሉ አጥፍቼ የ22 ዓመት ሊግ በአንድ ጠቅታ አጥቻለሁ። ሊጉን በፋይል ማውጫ አማራጭ አለው፤ በየሳምንቱ ይጠቀሙበት።

እንግዲህ በዶርም ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ለሚጋሩ ባስኬትቦል ጂኤምና 2ኬ14 አብረው ይበቃሉ። የራሱ ፕሌይስቴሽንና ቋሚ ኢንተርኔት ያለው ሰው አዲሱን 2ኬ ይያዝ፤ የሌላው ሁሉ ቁጥር በእሱ ፊት ድሃ ነው። ስልክ ብቻ ያለው ሰው የካርዱን ቁጥር ከቁም ነገር ሳይቆጥር ይጫወት።

ጌም ቤት ለሚሄድ ሰው ጌሙን የሚመርጥለት የቤቱ ባለቤት ስለሆነ የሚቀረው ምርጫ የቡድን ነው፤ እዚህ ላይ ወደ ፖሊው ተማሪ እመለሳለሁ። በ2ኬ ውርወራ የሚወሰነው በሬቲንጉ ብቻ ሳይሆን ቁልፉ በሚለቀቅበት ቅጽበትም ነው፤ ሬቲንጉ ከፍ ሲል ትክክለኛው ቅጽበት ይሰፋል እንጂ አይቀርም። አምስተኛው ቴሌቪዥን ትእዛዙን ዘግይቶ የሚያሳይ አሮጌ ነው፤ በቅንብሩ ውስጥ ይህን መዘግየት የሚቀንሰው የጌም ሁነታ የሚባለው የለውም። የሁለተኛው ጆይስቲክ የመወርወሪያ ቁልፍም ከመደንዘዙ የተነሣ ሁለት ጊዜ ካልተጫነ አይሰማም። ስለዚህ የእኔ ባለ 90 ሦስት ነጥብ ወርዋሪዎች በዚያ ቴሌቪዥን ላይ 90 አልነበሩም። ደንክ ግን ቅጽበት አይጠይቅም፤ ፍጥነት ያለው ሰው ተከላካዩን አልፎ ቀለበቱ ሥር ከደረሰ በቂ ነው። ልጁ ቡድኑን የመረጠው ለዚያ ስክሪን ነበር። አሁን እኔም እዚያ ስቀመጥ መጀመሪያ የማደርገው ልምምድ ውስጥ ገብቼ አሥር ውርወራ መሞከር ነው፤ ከአምስት በታች ካገባሁ የሦስት ነጥቡን ዓምድ ሳላይ አልፈዋለሁ፤ ጆይስቲክ ለመምረጥ ዕጣ ስንጥል ደግሞ የመጀመሪያው እንዲደርሰኝ እጸልያለሁ።